የሥዕሉ አፍታና የመርከቧ ዕድሜ፦ የቪክቶሪያ ዘመን የአትላንቲክ መንገደኛ መርከቦች ሥዕሎች እንደ ታሪክ ማስረጃ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (1837–1901) በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መካከል ይመላለሱ የነበሩ የእንፋሎት መንገደኛ መርከቦች ሥዕሎች ለታሪክ ጥናት ምን ያህል እንደሚያገለግሉ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የመርከብ ሥዕል የመርከቧን ዕድሜ አይተርክም የሚል ነው። ሥዕሉ የሚያሳየው ከዚያ ዕድሜ ውስጥ አሣዩ እንዲታይለት የፈለገውን አንድ አፍታ ነው። ስለሆነም ሥዕሉ ጽኑ ማስረጃ የሚሆነው ከመርከቧ የአገልግሎት ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

ስለ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ስደት፣ ንግድ ወይም ቴክኖሎጂ የሚጽፉ ተመራማሪዎች የመርከብ ሥዕልን አዘውትረው ይጠቀማሉ። አጠቃቀሙ ግን ብዙ ጊዜ ከጌጥነት አያልፍም። ሥዕሉ በገጹ ራስ ላይ ይቀመጣል፤ ከሥሩ የመርከቧ ስምና የተሠራችበት ዓመት ይጻፋል፤ አንባቢውም መርከቧ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን መልክ ይዛ የኖረች ይመስለዋል። በዚያ ዘመን ግን የአንድ መርከብ መልክ፣ ባለቤት፣ ሥራ፣ አልፎ ተርፎም ስም ደጋግሞ ይለወጥ ነበር።

ችግሩ ከታዋቂ ሠዓሊዎች ይልቅ በብዛት የሚከሠተው ለትእዛዝ ሰጪ ይሠሩ ከነበሩ የመርከብ ሠዓሊዎች ዘንድ ነው። ጆሴፍ ማሎርድ ዊልያም ተርነር በ1839 ለሕዝብ ያቀረበው ሥዕል «ቴሜሬር» የተባለችው አሮጌ የጦር መርከብ በእንፋሎት ጀልባ ተጎትታ ወደምትፈርስበት ስፍራ ስትሄድ ያሳያል። በሥዕሉ ላይ ምሰሶዎቿ እንደቆሙ ናቸው፤ የምትጎትታትም አንዲት ጀልባ ናት። እንደ እውነቱ ከሆነ ምሰሶዎቿ ቀደም ብለው ተነቅለው ነበር፤ የጎተቷትም ሁለት ጀልባዎች ነበሩ። ይህን አውቆ ተርነርን በሐሰት የሚከስ የለም፤ ሥዕሉ የአንድን ዘመን ማለፍ የሚያዝን ቅኔ መሆኑን ተመልካቹ ሁሉ ይረዳልና። የመርከብ ሠዓሊው ሥራ ግን ከዚህ ይለያል። ገመዱን፣ መስኮቱንና የሰንደቁን ቀለም በጥንቃቄ ስለሚያስቀምጥ ተመልካቹ ያምነዋል። እምነቱም ከፊል ተገቢ ነው፤ ሥዕሉን የሚያዘው ካፒቴን ወይም የመርከብ ባለቤት አንዲት ገመድ ብትሳሳት ያስተውል ነበር። ሆኖም በዝርዝሩ ትክክል የሆነ ሥዕል በምርጫው ሊያሳስት ይችላል። የትኛው ቀን፣ የትኛው ወገን፣ የትኛው የአየር ጠባይ እንደሚሣል የሚወስነው ትእዛዙ ነውና።

ሥዕሉን ማን አዘዘ?

በእንፋሎት ኃይል አትላንቲክን የመሻገር መደበኛ አገልግሎት የተጀመረው በ1838 ነው። በዚያ ዓመት በኤፕሪል ወር «ሲሪየስ» የተባለችው ትንሽ መርከብ ከአየርላንድ ተነሥታ ኒው ዮርክ ደረሰች። ኢሳምባርድ ኪንግደም ብሩኔል የነደፋት «ግሬት ዌስተርን» ደግሞ ኤፕሪል 8 ቀን ከብሪስቶል አካባቢ ተነሥታ ኤፕሪል 23 ቀን፣ ከ«ሲሪየስ» ጥቂት ሰዓታት ዘግይታ ገባች። በጊዜው ያከራክር የነበረው ዐቢይ ጥያቄ አንዲት የእንፋሎት መርከብ ውቅያኖሱን ለመሻገር የሚበቃ የድንጋይ ከሰል መጫን ትችላለች ወይ የሚል ነበር። «ግሬት ዌስተርን» ኒው ዮርክ ስትደርስ 200 ቶን ያህል ከሰል ተርፏት ነበር። ክርክሩን የዘጋው ይህ ትርፍ ከሰል እንጂ የመድረሻው ቅደም ተከተል አልነበረም።

ይህ ሁኔታ በሥዕሎቹ ላይ የሚታየውን አንድ ነገር ለመረዳት ይጠቅማል። የዘመኑ የእንፋሎት መርከብ ሥዕሎች ከጭስ ማውጫው ጎን ለጎን ምሰሶና ሸራን በጉልህ ያሳያሉ። ሸራው ጌጥ አልነበረም። ነፋስ ሲመች ከሰል ይቆጥባል፤ ሞተሩ ቢሰበር መርከቧን ወደብ ያደርሳል። በሥዕሉ ላይ ሲታይ ደግሞ ሌላ አገልግሎት ነበረው፤ እሳትና ብረትን ለሚፈራ መንገደኛ የለመደውን ነገር እያሳየ ያረጋጋዋል። እስከ 1880ዎቹ ድረስ በሥዕል ላይ ከጭሱ ጋር የተዘረጋ ሸራ መኖሩ የምህንድስናም የማስታወቂያም ማስረጃ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ትእዛዝ የሚቀበሉት ሠዓሊዎች በወደብ ከተሞች ይኖሩ ነበር። በብሪስቶል ጆሴፍ ዋልተር (1783–1856) የብሩኔልን መርከቦች ሣለ። በሊቨርፑል ሳሙኤል ዋልተርስ (1811–1882)፣ እርሱም የባሕር ሠዓሊ ልጅ፣ የወደቡን ነጋዴዎችና የመርከብ ባለቤቶች ለዐሥርት ዓመታት አገለገለ። የሁለቱ ስም መመሳሰል በመዝገብ ላይ ስሕተት ሊያስከትል ስለሚችል ተመራማሪው ከተማውንና ዘመኑን ማመሳከር ይገባዋል። በማሳቹሴትስ ደግሞ ፊትዝ ሄንሪ ሌን (1804–1865) ነበር። ይህ ሠዓሊ «ፊትዝ ሂዩ ሌን» እየተባለ ለረጅም ዘመን ሲጠራ ከኖረ በኋላ በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በማኅደር ሰነድ አማካይነት ስሙ ተስተካክሏል። ቀደም ያሉ የሙዚየም ዝርዝሮችንና መጻሕፍትን የሚያገላብጥ ሰው ሁለቱንም ስሞች መፈለግ ይኖርበታል።

በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ሥራው ወደ ብዛት አዘነበለ። በ1850 በኮፐንሃገን የተወለደውና በ1870ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ የተሻገረው አንቶኒዮ ጃኮብሰን መጀመሪያ የብረት ካዝናዎችን በሥዕል ያስጌጥ ነበር። ችሎታውን ያዩ የመርከብ ሰዎች ትእዛዝ ይሰጡት ጀመር፤ በ1921 እስኪሞት ድረስ የሠራቸው የመርከብ ሥዕሎች ከ6,000 በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። አንዲትን መርከብ ደጋግሞ ይሥል ነበር። እንዲህ ባለው የሥራ ብዛት ውስጥ ባሕሩና ሰማዩ ከሥዕል ወደ ሥዕል ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ መርከቧን ከሌላዋ የሚለዩት አካሏ፣ ጭስ ማውጫዋና ሰንደቋ ናቸው። ስለዚህ የጃኮብሰንን ሥዕል የአንድ ቀን የአየር ሁኔታ ምስክር አድርጎ መጥቀስ አይገባም፤ የመርከቧ አካል ምስክር አድርጎ ግን መጥቀስ ይቻላል።

«ብሪታንያ»፦ ዘጠኝ ዓመትና ሠላሳ አንድ ዓመት

የኩናርድ ኩባንያ የመጀመሪያዋ የአትላንቲክ የፖስታ መርከብ «ብሪታንያ» ጁላይ 4 ቀን 1840 ከሊቨርፑል ተነሥታ በሃሊፋክስ በኩል ወደ ቦስተን ተጓዘች። በጎንና በጎኗ ባሉ መቅዘፊያ መንኮራኩሮች የምትሄድ የእንጨት መርከብ ነበረች። ሌን በ1842 በማዕበል ውስጥ፣ በ1848 ደግሞ ወደ ቦስተን ወደብ ስትገባ ሥሏታል። በፌብሩዋሪ 1844 የቦስተን ወደብ በበረዶ በተዘጋ ጊዜ የከተማው ነጋዴዎች በራሳቸው ወጪ ማይሎች የሚረዝም መተላለፊያ በበረዶው ውስጥ አስቆርጠው መርከቧ በቀጠሮዋ እንድትወጣ አደረጉ። ያ ትዕይንት በድንጋይ ገበታ በሚታተም ምስል፣ ማለትም በሊቶግራፍ፣ ተሠራጨ። ቦስተን የፖስታ መስመሩን ኒው ዮርክ እንዳትወስድባት ትሰጋ ነበርና ምስሉ ከመርከቧ ይልቅ ስለ ወደቡ አስተማማኝነት ይናገራል።

በሥዕልና በእውነታው መካከል ያለውን ርቀት ከሁሉ አስቀድሞ ያስተዋለው ተመራማሪ ሳይሆን መንገደኛ ነው። ቻርልስ ዲክንስ በጃንዋሪ 1842 በዚችው መርከብ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ስለ ጉዞው በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በለንደን የኩባንያው ወኪል ቢሮ ተሰቅሎ ባየው ያማረ የኅትመት ምስልና ገብቶ ባገኘው ጠባብ ክፍል መካከል ያለውን ልዩነት በቀልድ አስፍሮታል። ቀልዱ ቁም ነገር አለው፤ ምስሉ ትኬት የሚሸጥ መሣሪያ እንደነበረ ከገዢው አንደበት ያረጋግጥልናል። ዲክንስ ወደ አገሩ የተመለሰው በሸራ መርከብ ነው።

«ብሪታንያ» በ1849 ለጀርመን ባሕር ኃይል ተሸጠች። ስሟ «ባርባሮሳ» ተባለ፤ መድፍ ተጫነባት፤ በዚያው ዓመት በጁን ወር ከሄልጎላንድ አጠገብ ከዴንማርክ መርከቦች ጋር በተደረገው ግጥሚያ ተካፈለች። በ1852 ወደ ፕሩሲያ ባሕር ኃይል ተዛወረች፤ በ1880 የተኩስ መለማመጃ ሆና ሰጠመች። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በኩናርድ ስም 9 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 31 ዓመት። በታሪክ መጻሕፍት ላይ የምናያት መርከብ ግን የዘጠኙ ዓመት መርከብ ብቻ ናት።

ምሰሶ፣ ጭስ ማውጫና ቀለም፦ ሥዕልን በዘመኑ ማስቀመጥ

የአገልግሎት ታሪኩ ከታወቀ ሥዕሉ ራሱ ዘመኑን ሊናገር ይችላል። ለዚህ ሦስት ምልክቶች በተለይ ይጠቅማሉ።

የመጀመሪያው የምሰሶዎች ብዛት ነው። በ1843 በብሪስቶል ውኃ የነካችው «ግሬት ብሪተን» የብረት አካልና ፕሮፔለር ያላት ግዙፍ መርከብ ስትሆን ስትሠራ ስድስት ምሰሶዎች ነበሯት። በ1846 አምስት፣ በ1852 አራት፣ በ1853 ሦስት ሆኑ። ስለዚህ ባለ ስድስት ምሰሶ «ግሬት ብሪተን» የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መልክ ታሳያለች፤ ባለ ሦስት ምሰሶዋ ወደ አውስትራሊያ ስደተኞችን የምታመላልሰው ናት። ይህች መርከብ በአትላንቲክ መስመር ያገለገለችው በዋነኛነት በ1845 እና በ1846 ብቻ ነው። በሴፕቴምበር 1846 በአየርላንድ ዳርቻ መሬት ነክታ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተይዛ ቆየች፤ የጥገናው ሸክምም ባለቤቶቿን አከሰረ። በ1882 ሞተሯ ወጥቶ የሸራ ጭነት መርከብ ሆነች፤ ከ1886 በኋላ በፎክላንድ ደሴቶች የዕቃ ማከማቻ ሆነች፤ በ1937 በጥልቀት በሌለው ውኃ እንድትቀመጥ ተደረገ፤ በ1970 ተነሥታ ወደ ብሪስቶል ተመለሰች። ለሁለት ዓመት ሥራዋ የታወቀችው መርከብ ከመቶ ዓመት በላይ ሌላ ሕይወት ነበራት።

ሁለተኛው ምልክት የጭስ ማውጫ ቀለም ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ቀለም ነበረው፤ የኩናርድ ቀይ ሆኖ ጥቁር አናትና ቀጫጭን ጥቁር ቀለበቶች ያሉት ሲሆን፣ የተፎካካሪው የጋይዮን ኩባንያ ጥቁር ሆኖ ቀይ መቀነት ያለው ነበር። «ኦሪገን» በ1883 ለጋይዮን ተሠራች፤ በ1884 የፍጥነት ክብረ ወሰን እንደያዘች በዚያው ዓመት ለኩናርድ ተሸጠች፤ በማርች 1886 ከሎንግ አይላንድ አቅራቢያ ከሸራ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች፤ የተሳፈሩት ሁሉ ዳኑ። ስለዚህ ቀለሙ የጋይዮን የሆነ ሥዕል ከአንድ ዓመት ያነሰ ዘመንን፣ የኩናርድ የሆነው ደግሞ ሁለት ዓመት ያህልን ያመለክታል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የተጓዘች መርከብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ስሟ ትኩረት የሚስብ ነው። ኩናርድ በ1870፣ የመቅደላ ዘመቻ ከተፈጸመ ሁለት ዓመት በኋላ፣ «አቢሲኒያ» የተባለች የብረት መርከብ በሊቨርፑልና በኒው ዮርክ መካከል አሰማራ። ስሙ ከዘመቻው ጋር ይገናኛል ብሎ ለመደምደም መቸኮል ግን አይገባም። ኩናርድ መርከቦቹን መጨረሻቸው «ያ» በሆኑ የአገርና የጥንት ክፍለ ሀገር ስሞች መጥራት ልማዱ ነበር፤ የእርሷም እኅት «አልጄሪያ» ትባል ነበር። የጊዜ ቅርበት ጥያቄ ያነሣል እንጂ መልስ አይሆንም። «አቢሲኒያ» በ1880 ወደ ጋይዮን ተዛወረች፤ በ1887 ለካናዲያን ፓስፊክ ተከራይታ በጁን ወር ከጃፓን ቫንኩቨር ገባች፤ በዲሴምበር 1891 በአትላንቲክ መካከል በጫነችው ጥጥ ላይ እሳት ተነሥቶ ጠፋች፤ ሰዎቹን ሁሉ «ስፕሬ» የተባለች የጀርመን መርከብ አዳነቻቸው። ኩናርድ በዚያው በ1870 ያሰማራት «ፓርቲያ» ደግሞ ስሟን እየለዋወጠች በአላስካና በሌሎችም መስመሮች ስታገለግል ኖራ በጃፓን የተፈታችው በ1956 ነው። በአንድ ዓመት ለአንድ ኩባንያ ሥራ የጀመሩ ሁለት መርከቦች፣ አንዷ 21፣ ሌላዋ 86 ዓመት ኖሩ።

ሦስተኛው ምልክት የጭስ ማውጫዎች ብዛት ነው። 4,000 መንገደኞችን እንድትይዝ ታስባ የተሠራችው «ግሬት ኢስተርን» አምስት ጭስ ማውጫዎች ነበሯት። በጁን 1860 ወደ ኒው ዮርክ ባደረገችው የመጀመሪያ ጉዞ ከፍለው የተሳፈሩት መንገደኞች 35 ብቻ ነበሩ። በኋላ የባሕር ቴሌግራፍ ሽቦ እንድትዘረጋ ስትዘጋጅ ለሽቦው ጋን ቦታ ለማስለቀቅ አንዱ ጭስ ማውጫ ተነሣ። ስለዚህ ባለ አራት ጭስ ማውጫዋ «ግሬት ኢስተርን» የመንገደኛ መርከብነቷ ያበቃ ናት። በ1865 የተዘረጋው ሽቦ ተበጠሰ፤ በጁላይ 1866 ግን አየርላንድንና ኒውፋውንድላንድን አገናኘች። በ1870 ደግሞ ከቦምቤይ እስከ ዓደን ያለውን ሽቦ ዘረጋች። በመጨረሻም የአንድ ሊቨርፑላዊ መደብር ተንሳፋፊ ማስታወቂያ ሆና ከቆየች በኋላ በ1889 መፍረስ ጀመረች።

የ«ግሬት ኢስተርን» ጉዳይ ሌላ ትምህርትም ይሰጣል። ሮበርት ቻርልስ ዳድሊ በሽቦው ዝርጋታ ጊዜ የሠራቸው የውኃ ቀለም ሥዕሎች፣ ሳይረስ ፊልድ በ1892 ለኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሰጣቸው፣ መርከቧን ከጎን አድምቀው የሚያሳዩ ብቻ አይደሉም። ሽቦው በጋኑ ውስጥ ሲጠመጠም፣ ሠራተኞች በመርከቡ ወለል ላይ ሲደክሙ ያሳያሉ። የሚሣለው ነገር ሥራው ሲሆን ሰው ይታያል፤ ንብረቱ ሲሆን ሰው ይጠፋል።

ያልተሣሉት

ከዚህ የምንደርስበት ቁም ነገር ሥዕሉ ያላሳያቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። «አቢሲኒያ» 200 የአንደኛ ማዕረግና 1,050 የታችኛው ማዕረግ መንገደኞችን እንድትይዝ ሆና ተሠራች። ሙሉ ጭነት ስትይዝ ከስድስት መንገደኞች አምስቱ ያህል ስደተኞች ይሆናሉ ማለት ነው። የኩባንያዎቹ ገቢም በእጅጉ በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ ነበር። በተለመደው የመርከብ ሥዕል ላይ ግን ሰው ቢኖር በወለሉ ላይ የተጣለ ጥቂት የቡሩሽ ነጠብጣብ ነው። የታችኛው ማዕረግ ክፍልና የከሰል እሳት የሚያነዱት ሠራተኞች የሚገኙበት ስፍራ ከጎኑ ብረት በስተጀርባ ነውና አይታይም። ጭሱ የእነዚያ ሠራተኞች ድካም ብቸኛ ምልክት ሆኖ በሰማዩ ላይ ይቀራል።

ስደተኛው በሥዕል የሚታየው ከመርከቧ ከወረደ በኋላ ነው። ቻርልስ ፍሬደሪክ ኡልሪክ በ1884 በሣለው ሥዕል በኒው ዮርክ የስደተኞች መቀበያ በካስል ጋርደን ውስጥ አንዲት እናት ከሕፃኗ ጋር በጓዞች መካከል ተቀምጣ ትታያለች። ሕዝቡ አለ፤ መርከቡ የለም። የመርከብ ሥዕሎችን ከእንዲህ ያሉ ሥራዎች ጋር ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ዘመኑ ተሽከርካሪውን ከተሳፋሪው ለይቶ ለሁለት ገበያ ይሥል እንደነበር እንረዳለን። የስደትን ታሪክ በመርከብ ሥዕል ብቻ የሚያስረዳ ጽሑፍ የባለቤቱን ዓይን ሳያውቅ ይዋሳል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከቱት ጉዳዮች በመነሣት የመርከብ ሥዕልን በማስረጃነት ለሚጠቀም ተመራማሪ አራት ጥያቄዎች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ሥዕሉን ማን አዘዘው፣ ለምንስ ዓላማ? ሁለተኛ፣ ምሰሶው፣ ጭስ ማውጫውና ሰንደቁ ከመርከቧ የአገልግሎት ታሪክ የትኛውን ዘመን ያመለክታሉ? ሦስተኛ፣ ሥዕሉ የተሠራው በአፍታው ነው ወይስ ከዓመታት በኋላ፣ በተመልካች ነው ወይስ ከሌላ ሥዕል ተቀድቶ? አራተኛ፣ በመርከቧ ላይ ከነበሩት ሰዎች መካከል በሥዕሉ ላይ የማይታዩት እነማን ናቸው?

እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ሥዕሎቹን አያሳንስም። ጆሴፍ ዋልተር፣ ሌንና ጃኮብሰን ባይኖሩ ኖሮ የእነዚያን መርከቦች ቀለምና ቅርጽ በእጅጉ ባጣን ነበር። ጥያቄዎቹ የሚያደርጉት ሥዕሉ በሚገባ የሚመሰክረውን ነገር ከማይመሰክረው መለየት ነው። ስለ ገመድ፣ ስለ ሰንደቅና ስለ ባለቤቱ ምኞት በሚገባ ይመሰክራል። ስለ ቀሪው የመርከቧ ዕድሜና ስለ ታችኛው ክፍል ሰዎች ግን የመርከብ መዝገብ፣ የመንገደኞች ዝርዝርና የተጓዦች ጽሑፍ መጠየቅ አለባቸው። በምስሉ ሥር የሚጻፈው መግለጫም ከመርከቧ ስምና ከተሠራችበት ዓመት በተጨማሪ ሥዕሉ የሚያሳየውን ዘመንና ሥዕሉ የተሠራበትን ዓመት ለይቶ ቢያስቀምጥ አንባቢው አንዱን አፍታ ከሙሉ ዕድሜ ጋር ከማምታታት ይድናል።